ለጋሼ አርባ ወደ ሀዋሳ

ዓርብ፣ ኅዳር 5፦ ቃሊቲ፣ ባቱ፣ ቡልቡላ

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር። አሁን የፍጥነት መንገዱ ከሞጆ ታጥፎ እስከ ባቱ (ለእኔ ዕድሜ ሰዎች ዝዋይ) ስለሚያደርስ፣ ቁርስ አዲስ አበባ ምሳ ሀዋሳ ማለት ቀላል ሆኗል። ማለት እንጂ፤ እኛ የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

የሄድኩት ለተዝካር ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ» የሚለው፣ መስከረም 28 በ71 ዓመቱ አረፈ፤ እሑድ አርባው ነበር። ጋሼ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ሀዋሳ ላይ በመምህራን ማሠልጠኛ ሲያስተምርና ተማሪ ሲያማክር ኖሮ በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ስማር እነሱ ቤት ስለኖርኩ፣ ከእናቴ ልጆች ሁሉ እሱን የማውቀው እኔ ነኝ እል ነበር።

ቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባሱ 750 ብር አስከፈለን፤ ለባልዲዬ ደግሞ ረዳቱ 100 ብር ጨመረብኝ። ባልዲው ቅቤ ነው። እናቴ ለድግሱ አምስት ኪሎ የሸኖ ቅቤ አሸከመችኝ። «ሲዳማ አገር ቅቤ ተሸክሞ መሄድ ምን ይባላል?» ብላት «የነሱ ቅቤ የነሱ ነው፤ ይሄ የእህቱ ነው» ብላ አፌን ዘጋችው።

የፍጥነት መንገዱን ሳልወቅሰው አላልፍም። ለስላሳ ነው፣ አህያና ፍየል አይገባበትም፤ ግን መቂን አያሳይም። በአሮጌው መንገድ መቂ ሲደረስ ቲማቲምና ሽንኩርት በሳፋ፣ በባልዲ፣ በጆንያ ተደርድሮ ሻጮቹ መኪናውን ከበው መስኮት ያንኳኩ ነበር። ጋሼ አዲስ አበባ ሲመጣም ሲመለስም መቂ ሳይወርድ አያልፍም። ቲማቲሙ ሰበብ ነው። የማን ልጅ ትምህርት ጀመረ፣ የማን እናት ዳነች እያለ ሲጠይቅ ሾፌሩ ክላክሱን ይጫነዋል። ቆቃ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ወሬ ነበረችው። ግድቡ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ያለቀ ነው። «ካሣ ማለት እንዲህ ነው፤ የሞተውን አይመልስም፣ መብራት ግን ያበራል» ይላል። በየጉዞው ስለሚደግመው ልጆቹ ቆቃ ሊደርሱ ሲሉ ቀድመው ይሉበት ነበር። አሁን ጤፉ ለአጨዳ የደረሰበትን ሜዳ በአጥር መካከል ሽው ብለን አለፍነው።

ባቱ ለምሳ ቆምን። ዓርብ ነው፤ ደግሞም የጽጌ ጾም የመጨረሻው ቀን። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ዓሣም ያው ሥጋ ነው» ብለው ሽሮ አዘዙ። ረዳቱ «ውኃ ውስጥ ያደገ ምን ሥጋ አለው?» ብሎ ዓሣ ጎላሽ አዘዘ። ቤተ ክርስቲያን ከሴትየዋ ጋር ናት፤ የባቱ ምግብ ቤቶች ግን ከረዳቱ ጋር ናቸው። እኔም ከምግብ ቤቶቹ ጋር ሆንኩ። የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ሙሉውን፣ በሎሚና በዳጣ፣ 380 ብር። አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ የሚቀርበው ግማሹ ነው፤ እሱም ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ።

አዳሚ ቱሉን አልፈን ቡልቡላ ሳንደርስ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ሲወርድ እሱም አየር የለውም። ሾፌሩ ረዳቱን አየ፤ ረዳቱ ሰማይ ሰማይ አየ። በኋላ ጎማውን ሞተር ላይ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ወደ ቡልቡላ ሄደና እኛ ከግራር ሥር ተኮለኮልን። ከቀትር በኋላ ያለው የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ለሸኖ ቅቤ አያዝንም። ክዳኑን ከፍቼ ባየው ቅቤው ዘይት ሆኗል። ሽሮ ያዘዙት እናት አይተው «በይ እንግዲህ አንጥረሽ ገባሽ» አሉኝ።

እሳቸው ናቸው የት እንደምሄድ የጠየቁኝ። ስነግራቸው ከጎናቸው የነበረች መነጽር ያደረገች ሴት ዞር አለች። «የማሠልጠኛው ጋሽ ሳይኮሎጂ?» አርሲ ነገሌ የምታስተምር መምህርት ናት፤ የጋሼ ተማሪ የነበረች። ማረፉን አልሰማችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጥቂት ዝም አለችና የሚከተለውን አወራችን።

ፍሎረንስ ጉድኢናፍ የተባለች አሜሪካዊት በ1926 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የሕፃናት ፈተና አለ። ልጁ ሰው ሣል ይባላል፤ ከዚያ ዓይኑ፣ አንገቱ፣ ጣቱ፣ ልብሱ እየተቆጠረ የአእምሮው ዕድገት ይገመታል። ጋሼ ሠልጣኞቹን ገጠር ወስዶ ይህን ፈተና አሰጣቸው። አንድ እረኛ ልጅ እርሳስ ይዞ አያውቅም። ሰው ሣል ሲሉት አንድ ክብና ሁለት ጭረት አደረገ። በፈተናው ሕግ ልጁ ወደኋላ የቀረ ነው። ጋሼ ምንም ሳይል ጭቃ አቡክቶ ሰጠው። ልጁ ሻኛው የተንጋደደ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ በሬ ሠራ፤ የራሳቸው በሬ ነው፣ ስምም አለው። «ታዲያ ስንት ይሰጠው? አልናቸው» አለች መምህርቷ። «ለልጁ ነው ለፈተናው? አሉን።»

ይህን ታሪክ ከጋሼ አፍ ሰምቼው አላውቅም። አምስት ዓመት አንድ ማዕድ በልተን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፦ ሀዋሳ

ሀዋሳ ሜዳ ነች። ዳገት ለለመደ የአዲስ አበባ እግር ይህ ብቻውን ዕረፍት ነው። አስፋልቱ ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ፣ ብስክሌቱ ብዙ፣ ባጃጁ ደግሞ ከሁሉም ብዙ። ትናንት ማታ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ኮንትራት 150 ብር ተባልኩና ሳልከራከር ከፈልኩ፤ ጠዋት እቴቴ ሰምታ ሊያማት ደረሰ። እቴቴ የጋሼ ባለቤት ናት። ቅቤውን ቀና ብላ አየችው፣ አሸተተችው፣ ወደ ማንጠሪያው ብረት ድስት ገለበጠችው። «ለምን ደከመች?» ብላ እናቴን ወቀሰች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ ቆየች።

ጋሼና እቴቴ የተገናኙት በዘመቻ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲልክ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የነበረው ጋሼ ሲዳሞ፣ ይርጋለም አካባቢ ደረሰው። እቴቴ የዚያ ቀበሌ ልጅ ናት። «ላስተምር ሄጄ ቡና መቁላት ተምሬ መጣሁ» ይል ነበር። ቀልድ አይደለም። በዚህ ቤት ቡና የሚቆላው ጋሼ ነበር፤ ወንድ ልጅ ምጣድ ላይ አጎንብሶ ማየት ለሰፈሩ ሰው ትርኢት ነበር። ዛሬ የቆላው ልጁ ነው፤ ትንሽ አሳረረው፣ ማንም ምንም አላለም።

ስለ ልጆቹ ስጽፍ ስማቸውን መጥራት አያስፈልገኝም፤ ጋሼ ሌላ ስም አውጥቶላቸዋል። ትልቋ ማክሰኞ፣ ወንዱ ሐሙስ፣ ትንሿ ቅዳሜ ናት። በየቀናቸው ከሥራ ሲወጣ ያንን ልጅ ብቻ ይዞ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ሌሎቹ አይከተሉም፤ ቢያለቅሱም አይከተሉም። እሑድ የእቴቴ ነው። እኔ ቤታቸው ስገባ ዓርብ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ነው የጨነቀኝ፤ ምክንያቱም ጋሼ አያወራም። አንድ ነገር ይጠይቃል፣ «ዛሬ ምን አየሽ?» ይላል፤ ምን ተማርሽ አይልም። ከዚያ ይጠብቃል። ጥያቄውን አይደግምም፣ አያግዝም፣ ሰዓት አያይም። አንድ ዓርብ ከቤት እስከ ፍቅር ሐይቅ ዝም ብለን ሄደን፣ ዝም ብለን ባቄላ አሹቅ በልተን ተመልሰናል። በሚቀጥለው ዓርብ ለማንም ያላልኩትን ሁሉ አፈሰስኩት። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ለእኔ ብቻ ያደረገው ይመስለኝ ነበር።

ሰፈሩ ስለ ሙያው የነበረው ግምት ሌላ ነው። ለብዙ ጊዜ በአገሩ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ስለነበረ፣ ጋሼም «የአማኑኤል ዓይነት» ተደርጎ ተወሰደ። አንዳንዱ በር አንኳኩቶ እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ይለምናል። እሱ የሥነ ልቦና ባለሙያ መድኃኒት እንደማያዝዝ፣ የሚያዝዘው የሥነ አእምሮ ሐኪም እንደሆነ ያስረዳል። ሰውየው ኪኒን የማይሰጥ ሐኪም ምን ያደርጋል እያለ ይቀመጣል። ከተቀመጠ ደግሞ ቡና ይቀርባል፤ ቡና ሦስት ዙር ነው፤ በሦስተኛው ሳያወራ የሄደ የለም ትላለች እቴቴ።

ማታ ሽንኩርት እየከተፍን የመርዶው ነገር ተነሣ፤ ቂም ያለበት ጉዳይ ነው። ጋሼ መርዶን ይቃወም ነበር። መርዶውን ሳይሆን ውሸቱን፤ «ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ እንጠይቃቸው» እያሉ ሰውን በመኪና ጭኖ ድንኳን ደጃፍ ማውረዱን። በ2000 እ.ኤ.አ. የካንሰር ሐኪሞች ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ባለ 6 ደረጃ መመሪያ አሳትመዋል። ቦታ አመቻች፣ የሚያውቀውን ጠይቅ፣ ማወቅ መፈለጉን አረጋግጥ፣ በግልጽ ቋንቋ ንገር፣ ስሜቱን አስተናግድ፣ የሚቀጥለውን አብረህ አስብ። ጋሼ ይህን ሲያስተምር «የእኛ ሽማግሌዎች አምስቱን ያውቃሉ፤ የሚቸግራቸው አራተኛው ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ለማክሰኞ ተናዘዘ፦ እኔ ስሞት ለእህቴ በስልክ፣ በቀጥታ ንገሪያት። ማክሰኞም ጠዋት ደውላ «እማማ፣ አባዬ ሌሊት አረፈ» አለቻት።

እናቴ እስካሁን አልተቀበለችውም። «የሽንኩርት ዋጋ ነው እንዴ በስልክ የሚነገረኝ?» ትላለች። በዚህ እኔ ከእናቴ ጋር ነኝ። መርዶ ነጋሪዎች ንጋት ላይ ግር ብለው የሚመጡት ለማታለል ብቻ አይደለም፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው እንዲኖር ነው። እናቴ ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ወለል ላይ ስትቀመጥ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ማክሰኞ ይህን ስነግራት ቢላዋውን አስቀመጠች። «እሱ ቢሰማ አንድ ሰው አስቀድመሽ ላኪ ነበር የሚለኝ» አለች። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 7፦ ተዝካሩ

ሌሊት ገብርኤል ካቴድራል ሄደን ቅዳሴው እንዳለቀ ተመለስን። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ከትናንት ጀምሮ ገብቷል። ሀዋሳ ላይ ተዝካር እንደ አዲስ አበባ አንድ ወጥ አይደለም። ጎረቤቱ ብዙው ጴንጤ ነው፤ ጠላ አይጠጣም፤ ለእነሱ ለስላሳ በሳጥን መጥቷል። ለሙስሊሞቹ በሬው በራሳቸው እጅ ታርዶ በተለየ ድስት ተሠርቷል። ከይርጋለም የመጡት የእቴቴ ዘመዶች ደግሞ በሻፌታ ቡርሳሜ ይዘው ገቡ፤ የእንሰት ቂጣው ተፈርፍሮ በቅቤ የራሰ። የሸኖው ቅቤ እናቴ ባትሰማ ይሻላል እንጂ እዚህ ፊት አቅም አልነበረውም። እኔ አንዱን ሻፌታ ከሦስት አሮጊቶች ጋር ከብቤ ጨረስኩ፤ ዶሮ ወጡን ለመቅመስ ቦታ አልቀረኝም።

እስከ ስድስት ሰዓት የመጣውን እናውቃለን፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የድሮ ባልደረባ። ከዚያ በኋላ የማናውቃቸው ይገቡ ጀመር። አንድ የባጃጅ ሾፌር ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ የወጡ አራት ልጆች መጡ፤ አንደኛዋ የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነው። ጎልማሳ ፖሊስ፣ ሲቪል የለበሰ፣ አቋሙ ግን የሚናገርበት። አንዲት ሀብታም የምትመስል ሴት ከነልጇ። ሁሉም እቴቴ ፊት ጎንበስ ብለው «ጋሼ ያውቁኝ ነበር» ይላሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ነፍስ ይማር ብለው ይወጣሉ።

እቴቴ አንዳቸውንም «ከየት ተዋወቃችሁ?» አላለችም። ሐሙስ ግን አላስቻለውም። ባለባጃጁን ሸኝቶ በር ላይ ያዘው። ሲመለስ ፊቱ ግር ብሎታል። «ምን አለህ?» አልኩት። «‹እሳቸው ያልነገሩህን እኔ ልንገርህ?› አለኝ።»

ጡረታ ከወጣ በኋላ ጋሼ ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ይውላል ሲባል ሁላችንም አየር የሚቀበል መስሎን ነበር። ልጆቹ የራሳቸው ቀን ስላላቸው የቀረው ቀን ባዶ ነው ብለው ያስቡ እንደነበር ማክሰኞ ሳቅ እያላት ነገረችኝ። ሐሙስን አላሳቀውም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ የእሱ ብቻ ነው ያለው አባት፣ ዓርብም ሰኞም የሌላ ሰው አባት ሆኖ መገኘቱ ከነከነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፦ አሞራ ገደልና መልስ

ጠዋት ከቅዳሜ ጋር አሞራ ገደል ሄድን። ጀልባዎቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ ይዘው ሲገቡ ወጣቶቹ ቆሮሶውን በስል ቢላዋ ቀድደው ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ ዓይን አይከተላቸውም። ትርፉ ለአባ ኮዳዎቹ ነው፤ ሰው የሚያህሉ ራሰ በራ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ አንዳንዴም ተራ ይጋፋሉ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ 150 ብር ሲሉኝ ቀመስኩት። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ይወደዋል፤ እኔ በሾርባው ጸናሁ፤ 80 ብር፣ የሚፋጅ፣ ጠዋት ለመጣ ብርድ መድኃኒት። ጀልባ ጉማሬ እስከሚታይበት ደርሶ መልስ ለሁለታችን 800 ብር ጠሩልን፤ ቅዳሜ በሲዳምኛ ሁለት ቃል ስትጥል 500 ሆነ። ጉማሬው አልታየም።

ቤት ስንመለስ ክርክሩ ደርሶ ጠበቀን። ጋሼ አንድ ሳጥን ደብተር ትቷል፤ ያማከራቸውን ሰዎች የመዘገበበት። «ሳይነበብ ይቃጠል» ብሎ ለእቴቴ ተናግሯል። ማክሰኞ ነርስ ናት፤ የታካሚ ምሥጢር የሟችም የልጆቹም አይደለም አለች። ሐሙስ ስሞቹ ይሰረዙና ይቀመጥ አለ። በዚህ ከተማ የኖረ ሰው ጭንቀት፣ በዘመቻ፣ በጦርነት፣ በፋብሪካ ሥራ፣ በአንድ ጆሮ የተሰማ፣ ሌላ የት ይገኛል? እውነቱን ለመናገር እኔ ወደ ሐሙስ አዘንብዬ ነበር። የእኔም ዓርቦች እዚያ ተጽፈው እንደሆነ ማወቅ ፈልጌያለሁ። ሐሙስ ምን እንደፈለገ ደግሞ ገብቶኛል፤ ስለ ከተማው ታሪክ አልነበረም።

እቴቴ ቡናውን እየቀዳች «ሃምሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አንዱንም አልነገረኝም» አለች። «እኔም ጠይቄው አላውቅም። ስለ እኔ ለነሱ የነገረ ይመስላችኋል?» ሐሙስ መልስ አላገኘም።

የመልሱ መንገድ የሚወራ የለውም፤ ሻሸመኔ ላይ ድንች ገዛሁ፣ ጎማ አልፈነዳም፣ አሥር ሰዓት ላይ ቃሊቲ ነበርኩ። እናቴ ባዶውን ባልዲ ተቀብላ «ቅቤውን ወደዱት?» አለች። ወደዱት አልኳት።

ጋሼ ሸዋ ያደገ ስለሆነ በየዓመቱ ኅዳር 12 ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያጥን ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝብ ከጨረሰ ወዲህ የቀረ ልማድ ነው። ዓርብ ማታ ማክሰኞ ደወለች። ደብተሮቹን ከባሕር ዛፍ ቅጠሉ ጋር አቃጥለዋል። የፕላስቲክ ሽፋኑን መግፈፍ ረስተው ኖሮ ሽታው ሰፈሩን አወከው፤ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «ምንድን ነው የምታቃጥሉት?» ሲል እቴቴ «የጋሼን የቤት ሥራ» ብላ መለሰችለት። ሐሙስ ያልተጻፈባቸውን ቅጠሎች ቀድሞ ቀድዶ ለልጁ ሒሳብ መለማመጃ ወስዷል፤ ደብተር ዘንድሮ ስንት እንደገባ የሚያውቅ አይፈርድበትም።